ሐኪም የሚያየው ጠዋቷን ነው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬም ጤነኛ ናት ተባልን።

ሐኪሙ ራሱ ሳቀ። ትርንጎ አልጋው ላይ ዘላ ወጣች። ጣቴን ጨብጪ ሲላት ጨበጠች፣ ቁጢጥ ብለሽ ተነሺ ሲላት ተነሳች፣ ኮሪደሩን እስከ ጫፉ ሮጣ ተመለሰች። "ይቺ ልጅ እኔን በትግል ትጥለኛለች" አለ። ደሟ ታየ፣ ሰገራዋ ታየ፣ ዓይኗ በባትሪ ታየ። ቫይታሚን ጻፈልን። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገና ቤት ውስጥ ጠብ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። አላመነኝም።

እኔም ጥሩ አድርጌ ነበር ያዘጋጀኋት። ትናንት በጊዜ አስተኛኋት። ጠዋት ገላዋን አጠብኳት፣ ቅባት ቀባኋት፣ የእንቁጣጣሹን ቀሚስ አለበስኳት፣ ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ በር እንዳትደክም አዘልኳት። የመምህርት ልጅ ሐኪም ፊት ተጎሳቁላ አትቀርብም።

ወደ ቤት ተመልሰን ወረታ ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከመገንጠያው ባጃጅ ያዝን። እዚያ ላይ ጀመራት። መጀመሪያ የግራ ዓይኗ ሽፋን ወረደ፣ ከዚያ የቀኙ። የገዛሁላትን ዳቦ ታኝካለች፣ ታኝካለች፣ አይወርድላትም። የስድስት ዓመት ልጅ አገጯን በእጇ ደግፋ ስታኝክ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ለማን ልንገር? "እማ" ስትለኝ ድምፁ በአፍንጫዋ ወጣ። የባጃጁ ሾፌር በመስታወቱ አይቶ እንቅልፍ ጣላት አለ። ስትወርድ እግሯ ከዳትና በጉልበቷ ተደፋች። ያ ቀሚስ አቧራ ለበሰ።

ባሌ ይርጋ ከሩዝ መፈልፈያው ደወለ። ከኋላው ማሽኑ ይጮኻል። ደህና ናት አሉሽ አይደል፣ ተመስገን፣ አለና ዘጋው። እሱ ጠዋት ከልጁ ጋር ቁርስ በልቶ ይወጣል፣ የሚመለሰው ከተኛች በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ትርንጎ እንደ ጥጃ ነው የምትዘለው። የእሱ ልጅ ጤነኛ ናት። የታመመችው የእኔዋ ናት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

እስካሁን የተሰጡን ስሞች፦

ደም ማነስ (ጤና ጣቢያ)።
የሆድ ትል (እዚያው፣ ሌላ ሰው)።
የዓይን ድካም፣ መነጽር (የግል ክሊኒክ)።
የሰው ዓይን (ጎረቤት፣ ሳይጠየቁ)።
ልግም (የክፍል መምህሯ)።
የእናቷ ጭንቀት (ባሌ)።
ጤነኛ (ሆስፒታሉ፣ አሁን ለሁለተኛ ጊዜ)።

የቆጠቆጠኝ ልግም የሚለው ነው። የትርንጎ መምህርት ባልደረባዬ ናት፣ ግድግዳ ነው የሚለየን። ጠዋት እጇን እያወጣች ትመልሳለች፣ ከዕረፍት በኋላ ግን ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፍታ መጻፍ ትተዋለች፣ አንቺ ከጎን ስላለሽ ነው የምትሞላቀቀው አለችኝ። አስተማሪ ነኝ፣ ለጋሚ ልጅ አውቃለሁ። ለጋሚ ልጅ ለጨዋታ ሲጠራ ይነሳል። ትርንጎ ለገመድ ዝላይም አትነሳም። ይህን አልነገርኳትም። እሺ እመክራታለሁ ብዬ ወጣሁ። በራሴ ተናደድኩ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ከይርጋ ጋር ተጣላን። ሐኪሙ ጠብ አለ ወይ እስኪለን ድረስ ጠብ አልነበረንም፤ አሁን ታዘዘልን መሰለኝ። ሐኪም ካየው በላይ አንቺ ምን ታያለሽ አለኝ። ማታዋን አልኩት። ልጅ ማታ ይደክማል፣ እኔም ማታ ይደክመኛል አለ። ትርንጎ መሃላችን ተቀምጣ ዳቦዋን ያለ ችግር ትገምጣለች። ዓይኗ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሷን ሳያት እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። እውነት እኔ እሆን እንዴ?

ዓርብ፣ ኅዳር 6

የባልደረባችን የወይዘሮ ስንዱ ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሊጠይቅ ሄደ። እኔም ሄድኩ። ልጁ ፋሻውን እያሳየ ይኩራራል፣ እናቱ ብርቱካን ታድላለች፣ መቼ እንደሚፈታ ተነግሯታል። ቀናሁባት። ሌላ ቃል የለውም። በስብራት ቀናሁ። የእሷ ልጅ ሕመም ስም አለው፣ መጨረሻ አለው፣ ሰው ሊጠይቀው ይመጣል። የእኔን ልጅ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃት? "ትርንጎስ እንዴት ናት?" ይሉኛል በር ላይ ቆመው፤ እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው። ደህና ናት እላለሁ። እነሱም ይገላገላሉ።

ቤት ስመለስ እቴቴ ከቁሐር ሚካኤል መጥተው ደርሰዋል። የይርጋ እናት ናቸው። እርጎ ይዘውላት መጥተዋል። ትርንጎ እየሮጠች አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ይችን ነው ታመመች የምትይኝ በሚል ዓይን አዩኝ። እኔ ከጎጃም የመጣሁ፣ ደብተር ይዤ የምዞር፣ አንድ ልጅ ብቻ የወለድኩ ምራት ነኝ። ዝም አልኩ። ቢመሽ እንደሚያዩት አውቃለሁና።

መሸ። አዩት። እርጎው ከአፏ በአፍንጫዋ ሲመለስ አዩ። ኩባያውን ተቀብለው መሬት ላይ አስቀመጡና አማተቡ። አሁን ያምኑኛል ብዬ ሳስብ፣ "አንች ልጅ፣ ፀሐይ ስትገባ የሚመጣ ነገር የሐኪም አይደለም" አሉኝ። ወንዛዬ ፍል ውሃ እንውሰዳት አሉ። የስንቱን ወገብ ያቃና፣ የስንቱን እግር የፈታ ውሃ ነው አሉ። ይርጋ ከእናቱ ጋር ወገነ። እንቢ ልል አፌን ከፈትኩና በምትኩ ምን ላቀርብ ነው ብዬ ዘጋሁት። ቫይታሚን? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እሺ አልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ወንዛዬ ነን። ጎጆ ተከራይተናል። ይርጋም መጣ፣ መብራት ስለጠፋ ማሽኑ ቆሟል። ባይጠፋ ኖሮ ይመጣ ነበር ወይ የሚለውን አልጠየቅኩትም።

ዙሪያውን ሰው ብቻ ነው። ወገቡን የያዘው፣ እጁ የሰለለ፣ በቃሬዛ የመጣ። ሁሉም ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ምን አመመህ ነው። ሁሉም መልስ አለው። አንዲት የደራ ሴት እኔንም ጠየቀችኝ፣ ልጄን እያየች። ትርንጎ ያኔ ድንጋይ ለድንጋይ ትዘላለች። አልታወቀም አልኳት። እንደ ሌባ አየችኝ፤ የጤነኛ ልጅ ቦታ ይዘን የመጣን ሰዎች ሆንን።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ገባች። ውሃው ያቃጥላል። ፊቷ ቀላ፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ተቋረጠ። ከንፈሯ ለመሳቅ እንቢ አላት። ስናወጣት ከማታዋ የባሰች ሆነች። እቴቴ ተደሰቱ። "እየለቀቃት ነው። ሲለቅ ያደክማል" አሉ። የደራዋ ሴትም መሰከረች፤ የእሷም ጉልበት እንዲያ ብሎ ነው አሉ የተሻለው።

ቢሻላት ውሃው አዳናት፣ ቢብስባት ውሃው እያዳናት ነው። ሐኪም ቤትም እንደዚሁ ነው፣ ብትሮጥ ጤነኛ ናት፣ ብትወድቅ እናቷ ናት። እኔ ብቻ ነኝ በሁሉም የምሸነፈው።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ውሃው ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የምትገባበት ነበር። እኔ ቀኝ እጇን፣ እቴቴ ግራዋን ይዘን ሴቶቹ ዘንድ ገባን። ይርጋ ውጭ ቆመ። ጥቂት እንደቆየች በቃኝ አለችኝ፤ ቃሉ አልወጣላትም፣ እኔ ግን ገባኝ። እቴቴ ትንሽ ትቆይ አሉ። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ክንዷ ከእጄ ውስጥ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሙልጭ አለ። አንገቷ ታጠፈ። ፊቷ ውሃው ውስጥ ገባ፣ አላነሳችውም። አልተወራጨችም። የሚሰምጥ ሰው ይወራጫል እኮ፣ ልጄ ለመወራጨትም አቅም አልነበራትም።

ጮህኩ። ይርጋ የሴቶች ገላ ነው ሳይል ከነልብሱ ገብቶ ነጠቀን። ዛፍ ሥር አጋደማት። ውሃ አስወጣች፣ አሳላት፣ ተነፈሰች። ጭንቅላቷ ክንዱ ላይ እንደ አራስ ልጅ ይንጠለጠላል። የዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ አነሳው። ሲለቀው ወደቀ። ደግሞ አነሳው። ወደቀ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ናት?" አለኝ።

"ማታ ማታ።"

"እንዲህ?"

"እንዲህ ባይብስም፣ እንዲህ።"

እቴቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከሩቅ ቆመዋል፣ ሊጠጉን አልደፈሩም። ትርንጎ ጥላው ሥር ረጅም እንቅልፍ ተኛች። ስትነቃ ዓይኗ ተከፍቷል። ዳቦ አለ ወይ አለችን። ይርጋ ይህን ሲያይ ከመውደቋ ይልቅ መነሳቷ አስፈራው መሰለኝ፤ ዞር ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ቤታችን ገባን። ይርጋ ሥራ አልሄደም። መብራት መጥቷል፣ ገበሬው ጆንያውን ይዞ በሩ ላይ ተሰልፏል ብለው ደወሉለት። ስልኩን አጠፋው።

ቀኑን ሙሉ ልጁን ሲያይ ዋለ። ትንሽ ባዛጋች ቁጥር ዓይንሽን ክፈቺ ይላታል። ቆሎ ስትበላ አፏን ያያል። ስታንቀላፋ ይቀሰቅሳታል፣ ከዚያ ለምን ቀሰቀስኳት ብሎ ራሱን ይረግማል። ምሳ አልበላም። እንዲያይልኝ ስለምነው የነበርኩ ሴት፣ አሁን ሲያይ ማየት አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገብቶ አለቀሰ። ለምን አልነገርሽኝም አለኝ። በእውነት ይህን ቃል ተናገረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከመስከረም ጀምሮ የነገርኩህ ምን ነበር አልኩት፣ ጭንቀቴን ነው? እቅፍ አድርጌ ላባብለው ይገባኝ ነበር፣ ሌላ ሴት ብትሆን ታባብለዋለች። እኔ እንባዬን ብቻዬን ጨርሼዋለሁ። እሱ ሲጀምር እኔ አልቋል። ጥዬው ወጣሁ።

ማታ ትርንጎን እያስተኛኋት ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ድምጿ በአፍንጫዋ ነው፣ ቀስ ብዬ ነው የምሰማት። አላውቅም፣ ለምን ጠየቅሽ አልኳት።

"እዚያ ስንሄድ ስለምታዝይኝ አይደክመኝም" አለችኝ።

ከዚያ ተኛች። እኔ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። በጊዜ አስተኝቼ፣ አጥቤ፣ አዝዬ፣ እንደ ሙሽራ አድርጌ ለሐኪሙ የምወስድለት ጠዋቷን ነው። ማታዋን ቤት ትቼ እሄዳለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ልጆች አስተምራለሁ። ደባቂዋ እኔ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ለይርጋ ነገርኩት። ደክማ ትታይ አልኩት። ከመናኸሪያው በእግሯ ትሂድ፣ አንሸከማት፣ ተራ ስንጠብቅ አትተኛ፣ ታውራ፣ ትዝፈን፣ ቆሎ ታኝክ። ከሰዓት በኋላ እንግባ።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። "ልጄን አሠቃይቼ ነው ለሐኪም የማሳየው?" አለ። አዎ አልኩት። ወንዛዬ ሳናውቅ አሠቃየናት፣ አሁን እያወቅን ነው። ሌላ መንገድ ካለህ አምጣ። ለሐኪሙ በቃል እንንገረው አለ። ሁለቴ ነግሬዋለሁ፣ ጠብ አለ ወይ ነው ያለኝ አልኩት። በስልክ ፎቶ እናንሳት አለ። አንስቼ አሳይቼዋለሁ፤ የተኛች ልጅ ፎቶ ነው ያለኝ።

በመጨረሻ ዓርብ እንሂድ፣ ነገ ሚካኤል ነው፣ ለሚካኤል እቴቴ ዘንድ ካልሄድን ይቀየማሉ አለ። መቀየም የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። እሺ አልኩ። ሁሌ እሺ ነው የምለው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ቁሐር ሚካኤል ዋልን። የሩዙ አጨዳ ተጋምሷል፣ ነዶው በየማሳው ተከምሯል፣ ውሃ የሸሸበት ላይ ከብት ተለቋል። ታቦቱ ሲወጣ ትርንጎ ከልጆቹ ጋር ፊት ፊት ስትዘል ነበር። ጠዋት ነው እንግዲህ።

ከቅዳሴ በኋላ እቴቴ ቤት ጠበል ጠዲቅ ነበር። ወንዛዬ እንደሄድን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ትርንጎ እየሮጠች ስትገባ ስትወጣ አዩ፣ በቃ፣ ዳነች። አንዷ ተነስታ ውሃው አዳነልን፣ ሚካኤል አዳነልን አለች። ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ፣ መስክሪ እንጂ የሺ አሉኝ። ምን ብዬ? አልዳነችም ብል በበዓሉ ቀን የሚካኤልን ሥራ የካድኩ እሆናለሁ። ዳነች ብል ነገ ምን ብዬ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ? ይርጋ አንገቱን ደፍቷል። ሊያበረታቱኝ አንዲቱ እልልታ ጀመረች።

"እልል አትበሉ" አሉ እቴቴ።

ድፎውን የሚቆርሱበትን ቢላዋ እንደያዙ ነበሩ።

"አልዳነችም። እኔ ነኝ ይዣት የሄድኩ። ውሃው ውስጥ እጄን ለቃ ልትሞት ነበር። እልል አትበሉብኝ።"

ደግሞ መቁረሳቸውን ቀጠሉ። ሰው ሁሉ ስለ ሩዝ ዋጋና ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ። እኔ ግን የምይዘው አጣሁ። ይህችን ሴት ለመጥላት ስንት ቀን ተዘጋጅቼ ነበር።

ስንወጣ እስከ አጥሩ ሸኙን። ይርጋና ትርንጎ ቀደም አሉ። ፊቴን አዩና "አንችስ ትተኛለሽ?" አሉኝ። ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ሐኪሙም፣ እናቴም በስልክ፣ ባሌም። አልተኛም እቴቴ፣ አልኳቸው። "እኔም" አሉ። እጄን ይዘው ትንሽ ቆሙ። ይቅርታ አላሉም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ይህን ቀን በቶሎ ልጽፈውና ልገላገለው።

መናኸሪያው ላይ ወርደን ጉዞ ጀመርን። የድሮ ቀሚሷን ነው ያለበስኳት። በመጀመሪያ እየዘለለች ነው። የመንገዱ ግማሽ ላይ እርምጃዋ ተጎተተ። አባቷ ፊት ቀድማ ሄዳ ቆመችና እጇን ዘረጋች። "አባ፣ እዘለኝ።"

ይርጋ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚሄደው፣ እንዳይዘረጋበት። ትንሽ ብቻ ትርንጎዬ፣ ያውና ደረስን አላት። አልደረስንም ነበር። ወደ እኔ ዞረች። "እማ።" እኔም እንቢ አልኳት። እንዴት እንዳየችን። አላለቀሰችም፣ ዝም ብላ መሄድ ጀመረች። አንድ የሎተሪ አዟሪ ሰውዬ ይህን አይተው ምን ዓይነት ወላጆች ናችሁ፣ ልጅቱ ወደቀች እኮ፣ ቤት የሚጠብቅ ድግስ አላችሁ ወይ አሉን።

ተራ ስንጠብቅ ልትተኛ ጭኔ ላይ ተጋደመች። አነሳኋት። ሀሁን ቁጠሪልኝ አልኳት። ጀመረች፣ ድምጿ እየሳሳ ሄደ። ቆሎ ሰጠኋት። አገጯን በእጇ ይዛ አኘከች። ጎን የተቀመጡት ሴት ተነስተው ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይርጋ ግድግዳ ይዞ ቆሟል፣ ከንፈሩን ነክሷል። በቃ የሺ አለኝ። አልበቃም አልኩት። የራሴን ድምፅ ስሰማው ደነገጥኩ፣ የማን ጨካኝ ድምፅ ነው?

ገባን። ያው ሐኪም ነው። ስሟን አይቶ ፈገግ አለ፣ የምትታገለኝ ልጅ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ፈገግታው ቀረ። ምራቋ በአገጯ ይወርዳል። ወንበሩ ላይ አልወጣችም፣ ይርጋ ነው ያስቀመጣት። ጣቱን ከፍ አድርጎ ወደ ላይ እዪ፣ ዓይንሽን ከጣቴ አታንሺ አላት። አየች። ሽፋኑ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ወረደ። እጆችሽን ዘርጊ አላት። ዘረጋች፣ ክንዶቿ እንደሚቀልጥ ሻማ ዘቀጡ። ወጥቶ አንድ ሌላ ሐኪም ጠርቶ መጣ። ሁለቱም አዩ።

"ማክሰኞ ያየኋት ይቺን አይደለም" አለን።

ይቺው ናት አልኩት። ማክሰኞ አዝዬ ነው ያመጣኋት።

ያሉን ይህ ነው። ነርቭ ጡንቻን በሚያዝዝበት ቦታ ላይ የሚመጣ፣ ሲያርፉ የሚጠፋ፣ ሲደክሙና ሲሞቃቸው የሚብስ ሕመም አለ። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። እዚህ የማይሠራ ምርመራ አለ፣ አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል። ሙቅ ውሃ አይነካት። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃታት ጠዋት ነው ማታ ነው ሳትሉ አምጧት። ይድናል ወይ አለ ይርጋ። መጀመሪያ ስሙ ይታወቅ አሉት።

ሊሆን ይችላል። በዚህ ደስ አለኝ። ልጄ መታመሟን ሰው አምኖልኝ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ደስ ስላለኝ ራሴን ጠላሁት። ይርጋ ከበሩ እንደወጣን አዘላት፣ ከዚያ እስከ መናኸሪያው አላወረዳትም። እሷ ግን ጀርባው ላይ ተኝታለች፣ መታዘሏን አላወቀችውም።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ይርጋ ሥራ ጀምሯል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ለሌላ ሰው ትቶ ይመጣል። ማታዋን ማየት አለብኝ ብሎ ነው። የተዘጋው የአዲስ አበባ መንገድ መቼ ክፍት እንደሚሆን ሰዎች እየጠየቀልን ነው። እቴቴም አብሬ እሄዳለሁ ብለዋል፤ ፍል ውሃ የለም እዚያ ብዬ ቀለድኩባቸው። በስልክ ሲስቁ ሰማሁ። ሁለታችንም ከሳቅን ቆይተናል።

እኔና ይርጋ አልታረቅንም፣ አልተጣላንምም። ትናንት አንድ አልጋ ላይ ሁለታችንም ነቅተን፣ ሁለታችንም የተኛን መስለን አደርን። አንድ ነገር ነው፤ ብቻዬን አልነበርኩም።

ትርንጎ ግን ከዓርብ ጀምሮ ዝም ብላለች። ጠዋት ትጫወታለች፣ ትበላለች፣ ስጠራት ትመጣለች። ልይዛት እጄን ስዘረጋ ግን ታያታለች እጄን። እንደ ድሮው አትንጠለጠልብኝም። ትናንት ማታ ደክሟት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች እንጂ እዘሉኝ አላለችም። በዳዴ ነው የገባች። እኔ ምን ብዬ ላስረዳት? ስለምንወድሽ ነው የከለከልንሽ ልበላት? ይህንን ሁሉም ጨካኝ ይለዋል።

ዛሬ አመሻሹ ላይ ከጎረቤት ስትመለስ አጥሩ በር ላይ ቆመች። አንደኛው ዓይኗ ወርዷል። ከበሩ እስከ ቤት ያለውን መንገድ ታያለች። ይርጋ ከውስጥ አይቷት ወጣ። ፊቷ ቁጢጥ ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

ጀርባው ላይ አልወጣችም። ቆማ ጀርባውን አየች። ከዚያ ዞር ብላ ወደ መንገዱ አየች፣ ወደ ግቢው አየች፣ ወደ እኔ አየች።

"ሐኪም አለ?" አለችው።

"የለም" አላት።

ወጣች።